በአኩሪ አተር ያደግሁ ልጅ

የሚስቴ አጎት፣ እኔ ልጅ ያልወለድኩበትን ምክንያት ለድንኳን ሙሉ ሰው ያስረዳው በሚስቴ እህት ልጅ ክርስትና ላይ ነው። በአንድ እጁ የዶሮ ብልት፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ነበር። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ ይበቃዋል።

"እስቲ ልጠይቅህ" አለኝ። እኔን እያየ ድምፁን ግን ለድንኳኑ ሁሉ ነው የለቀቀው። "በሕፃንነትህ ምን ጠጥተህ ነው ያደግኸው?"

"ምን ለማለት ነው ጋሼ?"

"እናትህ ጡት ስላልነበራቸው በአኩሪ አተር ነው ያሳደጉህ ሲባል ሰማሁ። ውሸት ነው?"

ወሬው በየት ዞሮ እንደደረሰው ወዲያው ገባኝ። አንድ ቀን ለሚስቴ እንደ ዋዛ አጫውቻታለሁ፤ ሚስቴ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ደግሞ ለወንድሟ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ነገር እንደ ውሃ ነው፤ ቁልቁል ይወርድና የሚጠራቀመው እሱ ጋ ነው።

"እውነት ነው" አልኩት።

"ይኸው!" አለ ስልኩን ከፍ አድርጎ። "አኩሪ አተር ውስጥ የሴት ሆርሞን አለ። ኤስትሮጂን ይባላል፤ የዕፅዋት ኤስትሮጂን። ወንድ ሕፃን እሱን ከጠጣ ገና ከሥሩ ዘሩ ይደርቃል። ሳይንስ ነው። እኔ አልፈጠርኩትም።"

የፈጠረውማ እሱ አይደለም። እሱ ፈጥሮ አያውቅም። ከስልክ ላይ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲጮህ ያየውን ነው የደገመው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ "አሃ!" አለ። ሌላው፣ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቅ ጎረቤት፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ጡት አብቅዬ እንደሆነ ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

እናቴ ከሴቶቹ ጋር ከድንኳኑ ማዕዘን ተቀምጣ ነበር። ልትጎርስ ያነሳችውን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና ቁልቁል ማየት ጀመረች። 

አጎትየው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። አሰላ ዋናው መንገድ ላይ የፀረ-አረምና የፀረ-ተባይ መድኃኒት ሱቅ አለው። ከዚያ በፊት የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ሥልጠና የወሰደባቸውን የምስክር ወረቀቶች ሁሉ በመስታወት አስገጥሞ ከመደርደሪያው በላይ ሰቅሏቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ስለ ንብ እርባታ ነው። ሰው "ኤክስፐርቱ" ይለዋል። እሱ ቅጽል ስሙ ሙገሳ ይመስለዋል። ስለ ስንዴ ዋግ ይናገራል፣ ስለ ደም ግፊት ይናገራል፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ይናገራል፤ ስለማያውቀው ነገር ሲናገር ደግሞ ድምፁ ይበልጥ ይጎላል። ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው። ከጠየቀም መልሱን ራሱ ሊሰጥ ነው፤ ያን ቀን እኔን እንደጠየቀኝ።

የእናቴ ነገር እንዲህ ነው። እኔ የተወለድኩት በክፉ ዘመን ነው፤ አርሲ እህል የሚያበቅል አገር ቢሆንም የእኛ ቤት ግን ባዶ ነበር። በወለደችኝ በሁለተኛው ሳምንት ጡቷ አበጠና ቆሰለ። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣላት፤ ወተቱ ቆመ። የጎረቤት ላም ወተት ሰጡኝ፤ አስቀመጠኝ፣ አስመለሰኝ፣ ከሳሁ። አባቴ መቃብር የት እንደሚያስቆፍር ማሰብ ጀምሮ ነበር፤ ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። በመጨረሻ ሳጉሬ መንገድ ላይ ከነበረ አንድ ክሊኒክ አንዲት ነርስ የአኩሪ አተር ዱቄት ሰጠቻት፤ አዘገጃጀቱንም አሳየቻት። እናቴ ከአልጋ ሳትነሳ ነው የተማረችው። ዱቄቱን በውሃ ትበጠብጣለች፣ እሳት ላይ እያማሰለች ታፈላለች፣ በንጹሕ የነጠላ ጫፍ ታጠልለዋለች፣ ስኳር ጣል ታደርግበታለች። በማንኪያ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች። ክንዷ ሲዝል አክስቴ ትቀበላታለች። እስክጠነክር ድረስ የጠጣሁት ያንን ነው።

ይህ ታሪክ በቤታችን የኩራት ታሪክ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ይነገራል። "ይኸን ጎረምሳ የምታዩት በማንኪያ ያሳደግሁት ነው" ትል ነበር እናቴ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች። ኤክስፐርቱ በአንድ ዶሮ ብልት ጊዜ ውስጥ ታሪኩን ወንጀል አደረገው።

በክርስትናው ማግስት ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል፣

"እኔ ነኝ እንዴ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ያደረቅሁህ።"

"እማዬ፣ የዚያን ሰው ወሬ ትሰሚያለሽ? ስለ ንብ የተማረ ሰው እኮ ነው።"

አልሳቀችም። "የተማረ ነው" አለች። "ከስልክ ላይ እያነበበ ነው የተናገረው። ሰው ዝም ብሎ በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም።"

እናቴ ሰው ዝም ብሎ በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ሊናገር እንደሚችል አታውቅም። ጨዋ ሆና ነው ያደገችው። ጨዋ መሆን በአገራችን ለባለጌ የሚከፈል ግብር ነው።

ወሬው ከተማውን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። እኔ የኮምባይነር መካኒክ ነኝ፤ አጨዳ ሲደርስ ከኢተያ እስከ ሳጉሬ ማሳ ለማሳ ስዞር ነው የምከርመው። ያን ዓመት በሄድኩበት ሁሉ ሾፌሮቹ ቀድመውኝ ሰምተዋል። ከኮምባይነሩ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ቦልት ሳጠብቅ ከላይ ሆነው "ዛሬስ ምሳ አኩሪ አተር ይምጣልህ?" ይሉኛል። እነዚህ ጉንጫቸው በጫት ያበጠ፣ ጥርሳቸው የበለዘ፣ ሲጋራቸውን በሲጋራ የሚለኩሱ ሰዎች ናቸው፤ ለጤንነቴ የተጨነቁት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ፣ ልጆቻቸው የት እንዳሉ አያውቁም። ግን ወልደዋል፤ ስለዚህ ወንድ ናቸው።

በዚያው ዓመት በሁዳዴ ጾም አንድ ቀን ኤክስፐርቱን ካፌ ውስጥ አገኘሁት። ጓደኞቹን ሰብስቦ ስለ እኔ ሳይሆን አይቀርም የሚያወራው፤ ስገባ ዝም አሉ። "ና ተቀመጥ፣ ና፣ የቤተሰብ ሰው" አለ። ከፊቱ የጾም ማኪያቶ ነበር፣ አረፋው ጢሙ ላይ ቀርቷል። ተቀመጥኩ። አስተናጋጇን ጠራኋትና፣

"የጾም ማኪያቶው ወተት ከምንድን ነው የሚሠራው?" አልኳት።

"የአኩሪ አተር ነው። ላምጣልዎት?"

"አይ፣ ለእኔ ጥቁር ቡና። ለጋሼ ድገሚላቸው።"

ከጓደኞቹ አንዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ሳል ያዘው። ኤክስፐርቱ ግን እንደዚህ ባለ ነገር የሚሸነፍ ሰው አይደለም። ፉት አለና፣ "ጉዳቱ በሕፃንነት ነው" አለ። "አዋቂን አይነካም። ሆርሞኑ የሚሠራው አካል ገና ሲገነባ ነው።" አሳዛኙ ነገር፣ በዚህ ሙሉ በሙሉ እየቀባጠረ አልነበረም፤ በኋላ ያማከርናት ሐኪምም የሕፃንነት ጊዜ ከአዋቂነት ይለያል ብላኛለች። የሰማው ነገር ውስጥ አንድ የእውነት ፍሬ አለች። እሱ ግን ያቺን አንዲት ፍሬ ይዞ በሰው ላይ ነው የወረወራት።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከብን። ራሱ ልኮ ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። ሦስት አዛውንት ከእሱ ጋር ሳሎናችን ውስጥ ተደረደሩ። ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ ስንዴ ዋጋ አወሩ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ልጅቷ ገና ወጣት ናት፤ ጊዜ አይጠብቅም፤ የእሱ ጉዳይ ደግሞ መድኃኒት እንደሌለው "በሳይንስ ተረጋግጧል"፤ ሳይጣሉ፣ በሰላም፣ በፍቅር ቢለያዩ ምን ይመስላችኋል? ይህን ሁሉ ለእኔ ነው የሚናገሩት። ከሚለያዩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላዋ ጓዳ ውስጥ ሻይ እያፈላች ነው።

ሚስቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ጩኸት አትወድም፤ ሰባ ሕፃን በዐይኗ ብቻ ዝም ታሰኛለች። ሻዩን ይዛ ወጣች፣ ለአዛውንቶቹ አንድ በአንድ ጎንበስ እያለች ሰጠች፣ ለአጎቷም ሰጠች። ከዚያ ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆመች።

"ጋሼ" አለችው፣ "እኔ የተመረመርኩ ይመስልዎታል?"

"አንቺማ ምን..."

"አልተመረመርኩም። እሱም አልተመረመረም። ማንኛችንም አልተመረመርንም። ሳይንሱ የተረጋገጠው በማን ላይ ነው?"

አጎቷ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። 

"አባቶቼ፣ በከንቱ እግራችሁን አድክማችኋል፤ ይቅርታ" አለች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ። "ባሌን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልፈታው ከፈለግሁ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ የሚሸኘኝ አያስፈልገኝም። ሻያችሁን ጠጡ።"

ጠጡ። ምን ያድርጉ? ከሦስቱ አንደኛው ሲወጣ እጄን ጨብጦ "ወንድ የሆነች ሚስት አለችህ" አለኝ። ይህም ሙገሳ መሆኑ ነው።

ሚስቴ ያለችው ግን እኔንም ነክቶኛል። ስንት ዘመን ሙሉ ጠበል ተብሎ፣ ሥራ ሥር ተብሎ፣ የሰው አፍ ተሰምቶ፣ አንድ ላቦራቶሪ ለመግባት ግን አፍረን ቀርተናል። በዚያው ሳምንት ወደ አዳማ ወረድን። እናቴ "እኔም እሄዳለሁ" አለች። "ምን ልታደርጊ?" ብላት፣ "ከሐኪሙ አፍ ልስማ" አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲመጣ እንኳ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ፍርድ ቤት እንደምትሄድ ሰው ሄደች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የአርሲ ልጅ መሆኗ ካነጋገሯ ያስታውቃል። እናቴን "አዮ" እያለች፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት፣ ወንበሩን አቀረበችላት። ሚስቴ ደህና ሆና ተገኘች። የእኔ ዘር ቁጥሩ አነስተኛ ነው፣ እንቅስቃሴውም ደካማ። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ ዐይኔን እያየች ነው፤ ለአዘኔታ ድምፅዋን አልለወጠችም። ስለዚህ ወደድኳት። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።

"ጆሮ ደግፍ ታመህ ታውቃለህ? ከጉርምስና በኋላ?"

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ክፍሉን በሙሉ ይዞት ነበር። እኔን ከጉንጬ አልፎ ወደ ታች ወርዶ አንዱ ፍሬዬ አብጦ፣ እግሬን ገጥሜ መራመድ አቅቶኝ ተኝቻለሁ። በሃፍረት ለማንም አልተናገርኩም። ነገርኳት።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

የኮምባይነር መካኒክ፤ ሞተሩ ሳይበርድ ላዩ ላይ የምቀመጥ።

"ኬሚካል ነክተህ ታውቃለህ?"

ከመካኒክነቱ በፊት ኢተያ ማሳ ላይ ፀረ-አረም ረጭ ነበርኩ። ያን ጊዜ ጓንት የለ፣ የአፍ መሸፈኛ የለ፤ መርጫውን ጀርባዬ ላይ አዝዬ፣ ሸሚዜ እስኪረጥብ። መድኃኒቱ ይገዛ የነበረው ከማን ሱቅ እንደሆነ ለሐኪሟ መንገር አላስፈለገኝም። ሚስቴ ግን ዘወር ብላ አየችኝ። ሁለታችንም ስለ አንድ መደርደሪያ ነበር የምናስበው፤ በመስታወት ከተገጠሙት የምስክር ወረቀቶች በታች ስላለው።

"እንግዲህ" አለች ሐኪሟ፣ "ከበሽታው፣ ከሞተሩ ሙቀትና ከኬሚካሉ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ልነግርህ አልችልም። ከሁሉም የምጠረጥረው ጆሮ ደግፉን ነው። ምናልባት ተደምረውም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጨርሶ አይታወቅም።"

"የኔስ?" አለች እናቴ።

ሐኪሟ አልገባትም። እናቴ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጡቷን፣ ነርሷን፣ ዱቄቱን፣ ማንኪያውን። ስትጨርስ "የሴት ሆርሞን አለበት ይላሉ" አለች፣ ድምፅዋ ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ዝቅ ብሎ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አዮ፣ ውሸት አልነግርዎትም" አለች። "አኩሪ አተር ውስጥ ሆርሞን የሚመስል ነገር አለ፤ ይህ እውነት ነው። የማገጥ ሣር ውስጥም አለ፤ እሱን አብዝተው የሚግጡ ሴት በጎች መርገዝ የሚቸገሩበት ጊዜ አለ። እንደተወለዱ ብዙ በተሰጣቸው አይጦች ላይም አንዳንድ ለውጥ ያዩ አሉ፣ ያላዩም አሉ። ሰው ግን አይጥ አይደለም፣ በግም አይደለም። በዚህ ወተት ያደጉ ስንትና ስንት ሕፃናት አድገው ወልደዋል። ወንድን ያመክናል የሚያሰኝ የጠራ ማስረጃ በሰው ላይ አላየሁም። ጥያቄው ጨርሶ ተዘግቷል አልልም፤ አሁንም የሚመረምሩት አሉ። እናትን ለመክሰስ ግን አይበቃም።"

"ባላጠጣውስ ኖሮ?"

"ባያጠጡትማ እዚህ ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር።"

 እናቴ "እግዜር ይስጥሽ" ብላ ተነሳች። ነጠላዋን አወለቀች፤ በጣም ይሞቅ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሐኪሟ ያለችውን ኤክስፐርቱ ዘንድ ሄጄ፣ አንድም ቃል ሳልጨምር ነገርኩት። የተናገረው ይኸው ነው፦ "ሐኪም ምን ያውቃል? እነሱም የተገዙ ናቸው።" በማን እንደተገዙ አልነገረኝም። የአኩሪ አተር ነጋዴዎች ይሆናሉ። ስለ ፀረ-አረሙ ሳነሳበት ደግሞ፣ "እሱ አረም ነው የሚገድለው፤ ስሙም ላይ ተጽፏል" አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ድንጋይ ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነው፤ ድንጋዩ ቢያንስ አይመልስልህም።

እናቴም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ሐኪሟን አምናለች፤ ግን ሱቅ ስትሄድ ብስኩት አንስታ "እስቲ አንብብልኝ፣ አኩሪ አተር አለበት?" ትላለች። ካለበት ትመልሰዋለች። ያችን የማንኪያ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ተናግራ አታውቅም። አንድ ደደብ በአንድ ከሰዓት ያበላሸውን አንድ ብልህ ሰው በዓመት አይጠግነውም።

እኛም ሞከርን። ሐኪሟ ያዘዘችውን ወሰድኩ፣ ሞተር ላይ መቀመጡን ተውኩ፣ ሁለተኛው ምርመራ ትንሽ ተሻለ፤ ያ ትንሽ ግን በቂ አልነበረም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄደን በሕክምና እርዳታ አንድ ጊዜ ሞከርን። አልያዘም። ሚስቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ስታለቅስ ሰው ሁሉ እያየን ያልፍ ነበር፤ እኔ ቦርሳዋን ይዤ ቆምኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። እንደገና እንሞክራለን ወይ ብዬ እስካሁን አልጠየቅኋትም። እሷም አልጠየቀችኝም።

ዘንድሮ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የኤክስፐርቱ ሴት ልጅ ሳጉሬ ላይ ወለደች፤ ያገባችው እዚያ ነው። በቀዶ ሕክምና ነው የተገላገለችው። ቁስሉ አመርቅዞባት ጠና፣ ጡቷም ነጠፈ። ሕፃኑ የላም ወተት ሲሰጡት ደም ቀላቅሎ ያስቀምጠው ጀመር። ሐኪሞቹ የላም ወተት እንደማይስማማው ተናግረው በአኩሪ አተር የተሠራ የሕፃን ወተት አዘዙለት። ባሏ አዳማ ድረስ ሄዶ ቆርቆሮውን አመጣ። ልጅቷ የደወለችው ለአባቷ አልነበረም። ለእናቴ ነው።

"እትዬ፣ አባባ እንዳትሰጪው ይለኛል። ምን ላድርግ?" አለቻት እያለቀሰች።

እናቴ ስልኩን ዘግታ ጫማዋን ፈለገች። እኔና ሚስቴ ተከትለናት ሚኒባስ ያዝን። ስንደርስ ኤክስፐርቱ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ እያገላበጠ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጽሑፉን እየመረመረ ነበር። ሕፃኑ ይጮሃል፤ ድምፁ ግን እየሳሳ ነው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ወንድ ልጅ ነው" አላት፣ ገና ከመግባቷ።

"ወንድ መሆኑን አይቻለሁ" አለች እናቴ። "ርቦታል።"

ቆርቆሮውን ከእጁ ወሰደችው። እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም፤ ከወንድ እጅ ላይ ዕቃ የምትነጥቅ ሴት አልነበረችም። ሚስቴ ልኩን አነበበችላት፣ ውሃው ፈልቶ በረደ፣ ጡጦው ተበጠበጠ። እናቴ የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ሞከረች። ከዚያ ሕፃኑን ለእናቱ አስታቀፈቻትና ጡጦውን ሰጠቻት። "አጠጪው" አለቻት። "ማንም ምንም ቢልሽ አጠጪው። አድጎ ሲከስሽ ያኔ መልስ ትሰጪዋለሽ። መጀመሪያ ይደግ።"

ሕፃኑ ጠጣ። ኤክስፐርቱ ትንሽ ቆሞ ተመለከተና ጉሮሮውን ጠረገ። "ይሄ ለነገሩ የውጭ ነው" አለ። "የተጣራ ነው፤ ሆርሞኑን አውጥተውለታል።" እንዲህ ብሎ ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ እንዲሰሙት ደገመው።  እናቴ የልጅቷን እጅ ደግፋ ጡጦውን ቀና አድርጋ ይዛ ነበር፤ የሰማችውም አይመስልም።

እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ። እሱም ተከትሎኝ ወጥቶ አጠገቤ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ ለአፍታ አሰብኩ፤ ሰው አይለወጥም እያልኩ እንኳ ተስፋ የማደርግ ሞኝ ነኝ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ስማኝ" አለኝ፣ "ያንተን ነገር ሳጠና ነበር። ስልክህን የምትይዘው የሱሪህ ኪስ ውስጥ ነው አይደል? ጨረሩ ነው። ሳይንስ ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም።"

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ሰዓት አየሁ። ወደ አሰላ የሚሄደው ሚኒባስ ሊያመልጠን ነበር። ስልኬን መልሼ እዚያው ከተትኩና ሚስቴንና እናቴን ልጠራ ገባሁ።